የዚያኛው ወገን ዘመድ

ስለሺ የአቀበቱ ራስ መረዳጃ እድር ጸሐፊ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አንድም ሰው ጽሕፈት ቤቱን እየሳቀ ሲረግጥ አላየም። ጽሕፈት ቤት መባሉም ለማዕረግ ያህል ነው፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ሲወጡ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የምትገኝ የቆርቆሮ መጋዘን ነች። ድንኳኑ፣ ሃያ አራቱ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጎላ ድስቶቹና የጥሩምባው ሳጥን ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የተረፈችው ጥግ ለአንድ ጠረጴዛና ለአንድ ቀጭን ሰው ትበቃለች። ስለሺ ቀጭን ነው። የተመረጠው በእጅ ጽሑፉ ይሁን በዚህ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም።

ረቡዕ ጠዋት የዕቃ መዝገቡን ከፍቶ ተቀምጧል። መዝገቡ ላይ ዕቃው፣ የወጣበት ቀን፣ የሟች ስም፣ የተረከበው ወገን እየተባለ በተራ ይሞላል፤ ስለሺ ባለፈው ለቅሶ የወጡት ትሪዎች መመለሳቸውን እያመሳከረ ነበር። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ቆሙ። ነጠላ አዘቅዝቆ እዚህ በር ላይ የሚቆም ሰው የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ስለሺ ብዕሩን አስቀምጦ ተነሣ። ፊታቸውን ሲያይ ደግሞ ክው አለ። የሚስቱ የአይዳ አክስት ናቸው።

«እትዬ! ምነው? ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም። ደኅና ናችሁ ልጄ? አይዳ ደኅና ናት?»

ጉንጭ ለጉንጭ ሦስቴ ተሳሳሙ። ስለሺ ወንበሩን ለቆላቸው አንዱን አግዳሚ ጎትቶ ተቀመጠ። ስማቸውን አያውቀውም። የሚስት ዘመድ ስም በመጀመሪያው ቀን ካልተያዘ በሁለተኛው መጠየቅ ያሳፍራል፣ በአራተኛው ዓመት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ ስለዚህ «እትዬ» እያለ እዚህ ደርሷል። ውለታቸውን ግን አይረሳም። እናቱ የሞቱ ጊዜ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ ሳይወጡ፣ ከገዛ እህቱ አብልጠው ያለቀሱት እኚህ ሴት ነበሩ።

አሮጊቷ ከጉያቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ሰጡት። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከወረዳው ጋር ሆኖ፣ መንገድ ላይ ለሚያድሩ አረጋውያን ከገበያው በታች አሥራ ሁለት ክፍሎች ሠርቷል። ዕጣው የወጣለት ሰው የሰፈሩ ሰው መሆኑን እድር በደብዳቤ እንዲያረጋግጥለት፣ ሦስት አባላትም እንዲመሰክሩለት ይጠየቃል። ደብዳቤው እስከ ሰኞ ስድስት ሰዓት ካልደረሰ ክፍሉ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ስለሺ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ደግ ሥራ ነው» አለ። «ለማን ኖሯል?»

«ለኔ።»

«አይ እትዬ፣ እ... ማለቴ፣ ይሄ እኮ ውጭ ለሚያድር ሰው ነው።»

«አዎ።»

«እርስዎ የት ነው የሚያድሩት ታዲያ?»

አሮጊቷ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ድንኳን አዩት።

«እሱ ውስጥ ነበር» አሉ። «ሲተከል ማለቴ ነው። ሳይተከል ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጅ። ድሮ ሦስት ቀን ይቆም ነበር። ከዚህ ሲነቀል ታች ሰፈር ይተከላል፣ እግዜር ይመስገን ሟች አይጠፋም። ካቻምና ክረምቱን በሙሉ ዝናብ ሳይነካኝ ነው የወጣሁት። ዘንድሮ አንድ ቀን አደረጋችሁት። ታች ሰፈሮችም እናንተን አይተው አንድ ቀን አደረጉት።»

ድንኳኑን ከሦስት ቀን ወደ አንድ ቀን ያወረደው ባለፈው ጥር የተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ሐሳቡ የሊቀመንበሩ ነበር፤ ዘመናዊ ነው ተብሎ በጭብጨባ ጸደቀ። ቃለ ጉባኤውን የጻፈው ስለሺ ነው። «ማንንም የማይጎዳ» የምትል ሐረግ ከራሱ እንደጨመረበት አሁን ትዝ አለው።

«ስም ልያዝ» አለ፣ ብዕሩን አንሥቶ።

«ደሳለች ወልዴ።»

ጻፈ። ቢያንስ አንዱ ችግር ተቃለለ።

አይዳ የምትሠራው ሽሮ ሜዳ አንድ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ውስጥ ነው። ለምሳ ስትመጣ ስለሺ እጇን እስክትታጠብ እንኳ አልታገሣትም።

«አንቺ፣ አክስትሽ ቤት የላቸውም እንዴ?»

«የቷ አክስቴ?»

«እማዬ ስትሞት ሦስት ቀን ያለቀሱት ናቸዋ።»

አይዳ ፎጣውን እንደያዘች ዞረች። «እሳቸው ያንተ አክስት አይደሉም?»

ምሳው ቀዘቀዘ። አይዳ አራት ዓመት ሙሉ እኚህን ሴት ተቀይማ ነው የኖረችው። የባሏ አክስት ሆነው አንድ ቀን እንኳ ቤቷን ረግጠው «ምራታችን እንዴት ነሽ» አለማለታቸው ከንክኗት፣ ነገሩን ለእህቶቿ አውርታ፣ እህቶቿም አብረው ተቀይመውላት ነበር። አሁን ያን ሁሉ ቅያሜ የት እንደምታደርሰው ጠፋት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአርባ ቀን ፎቶግራፍ አውርደው አዩት። ወይዘሮ ደሳለች በቀኛቸው የስለሺን ወገን፣ በግራቸው የአይዳን ወገን አድርገው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ወገን በአክብሮት ትንሽ ራቅ ብሎላቸዋል።

«ጭራሽ መሐል» አለች አይዳ።

«አየሁ።»

«ታዲያ የማን ናቸው?»

ስለሺ ይህን ጥያቄ ይዞ ሰፈሩን ዞረ። እስከ ዓርብ ማታ ድረስ አቀበቱ ራስ ላይ ፎቶ ያላወረደ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የሚስቱ የእናት ወገን ይመስሉት ነበር፣ ለሚስቱ ደግሞ የባሏ የአባት ወገን። የእድሩ ዕቃ ያዥ ግዛቸው ሽማኔ ነው፤ አባቱ ሲሞቱ ከጨንቻ የመጡት ዘመዶቹ ከወይዘሮ ደሳለች ጋር ሁለት ቀን ሙሉ በጋሞኛ አውርተዋል። እሳቸው አንገታቸውን ከመነቅነቅ በቀር ምንም አላሉም። ዘመዶቹ ግን «እንዴት ያለች አስተዋይ ሴት ናት» ብለው ነው የሄዱት።

ማንም ማንንም አልዋሸም። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚያለቅስን ሰው ማን ነህ፣ ከየት ነህ ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ አቀበቱ ራስ ላይ አልተወለደም። የማናውቀው ሰው ሲያለቅስ ካየን የዚያኛው ወገን ዘመድ ነው፤ የዚያኛውም ወገን እንደዚሁ አስቦ ቦታ ይለቅለታል፣ ንፍሮ ይዘግንለታል፣ ጋቢ ያለብሰዋል። ወይዘሮ ደሳለች በዚህ አሠራር አሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ኃይለ መለኮት ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። የእድሩን ማኅተም ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አውጥተው አያውቁም፣ ኮቱንም ከላያቸው አውልቀው አያውቁም። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ወረዳ ስለማይገባ የወይዘሮ ደሳለች ክፍል ያለችው እዚያ ኪስ ውስጥ ነበር። ከእሳቸው ሌላ ስለሺና ግዛቸው አሉ። ወይዘሮ ደሳለች ፊት ለፊታቸው፣ አግዳሚ ቁጥር ሰባት ላይ፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ተቀምጠዋል።

«ይሄ ማታለል ነው!» አሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት ገና ከመጀመሪያው። «አሥራ አንድ ዓመት! የአባሉን እዝን ሲበሉ፣ የአባሉን ድንኳን ሲያድሩበት! ምናችን ናቸው? ምናችንም አይደሉም! እንኳን ደብዳቤ ልጽፍ ተግሣጽ ነው የምጽፈው።»

«ተግሣጽ ለአባል ነው ጋሼ» አለ ስለሺ። «አባል አይደሉም።»

«ዝም በል አንተ።»

ስለሺ ደንብ ሲጠቀስባቸው እንደሚብሱ ያውቃል፤ ግን ደግሞ ሰኞ ነገ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ደግሞ የሰኔ ዝናብ መውረድ ጀምሯል። ጆሮውን ለዝናቡ ሰጥቶ እናቱን አሰበ።

ጋሽ ኃይለ መለኮት ወረቀቱን አነሡት። «እሺ። 'በሰፈሩ የሚታወቅ' ይላል። ይንገሩኝ እስቲ፣ እዚህ ሰፈር ማንን ያውቃሉ? ሦስት ሰው ይጥሩልኝ።»

«ወይዘሮ አዲሳለምን አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ ደሳለች።

ስለሺ «አዲ» ድረስ ጽፎ አቆመ። ወይዘሮ አዲሳለም ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው።

«ስብሐትን፣ አናጢውን። ኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው፣ ብርድ ነበር። ሁለቱ ሚስቶቹ የተገናኙት እዚህ ድንኳን ውስጥ ነው፣ እኔ መሐላቸው ተቀመጥኩ። ሊሚን ደግሞ፣ ያቺን ለጋ። እናቷ መቃብር ውስጥ ልትወረወር ስትል ወገቧን የያዝኳት እኔ ነኝ። አቶ ዮፍታሔን...»

«በሕይወት ያለ ሰው!» አሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት።

ወይዘሮ ደሳለች አሰቡ። ልክ አስቸጋሪ ሒሳብ እንደተሰጠው ተማሪ ጣሪያውን አዩ።

«ያሉት የሚያውቁኝ ድንኳን ውስጥ ነው» አሉ። «ውጭ አያውቁኝም። ባለፈው አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራው ጋ እጄን ዘርግቼ ተቀምጬ፣ ግዛቸው በእግሬ ላይ ተራምዶ አለፈ። በማግስቱ ለቅሶ ላይ ግን ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ። እግዜር ይስጠው።»

ግዛቸው ጎላ ድስቶቹን ማየት ጀመረ። አምስት ናቸው፣ ሁሉም በቦታቸው አሉ፣ እሱ ግን ዓይኑን አላነሣም።

«ታዲያ የሚያለቅሱት ለንፍሮ ነዋ!» አሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት፤ ድምፃቸው ግን ከመጀመሪያው ዝቅ ብሏል።

«መጀመሪያ ለዝናቡ ነው የገባሁት። ለሽሮ ሜዳ ሽማኔዎች ነበር የምፈትለው፤ ዓይኔ ደከመ፣ ክሩ ተጎራበጠ፣ በቃ፣ ሥራ የለም ቤትም የለም። ባለቤቴ ያኔ ሞቶ ነበር። ሆስፒታሉ ነው የቀበረው፤ ድንኳን የለ፣ ሰው የለ። ያን ቀን ልጠለል ብዬ እናንተ ድንኳን ስገባ አንዷ ንፍሮ ዘገነችልኝና 'እግዜር ያጥናሽ' አለችኝ። ባሌ ሲሞት ማንም እንዲህ አላለኝም። አለቀስኩ። የራሴን ነበር ያለቀስኩት፤ እነሱ የእነሱን መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ተደባለቀብኝ ጋሼ። የቱ የኔ፣ የቱ የሰው እንደሆነ እኔም አላውቀው።»

ወይዘሮ ደሳለች የተቀመጡበትን አግዳሚ በእጃቸው ዳበስ አደረጉ።

«እርስዎንም አውቅዎታለሁ» አሉ።

«እኔን?»

«ባለቤትዎ ወይዘሮ ሲና የሞቱ ጊዜ። ለሰው ሁሉ ወንበር ሲያስመጡ፣ ካስማ ሲያስጠብቁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልተቀመጡም። ሊቀመንበር ነኝ ብለው። በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሄደ፣ ድንኳኑም ተነቀለ፣ ያኔ ይሄው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ግዛቸው ወንበሩን ሊወስድ መጣ፣ አልተነሡም። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ፤ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ብቻውን አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ያስቃል። ለቅሶው ያላለቀ እንዲመስል እኔ ሄጄ በዚያኛው ጫፍ ተቀመጥኩ።»

ስለሺ ያን ቀን ያስታውሰዋል። እሱ ያን ጊዜ ትሪ እየቆጠረ ነበር፤ ከሩቅ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው አይቶ፣ አልፎ ሄደ። አሁን አፈረ፣ በጣም አፈረ።

«የደብረ ብርሃን ዘመዷ መስለውኝ» አሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት። «ለሙት ዓመቱ እንዲጠሩልኝ ደብረ ብርሃን ድረስ ሰው ልኬ ነበር። 'እሺ እንነግራታለን' አሉኝ።»

«ለማን ነግረው ይሆን?» አሉ ወይዘሮ ደሳለች።

«እንጃ። አንዲት ሴት መጣች። አላወቅኋትም። የዚያኛው ወገን ናት ብዬ ዝም አልኩ።»

ከዚያ ወደ ስለሺ ዞረው «ጻፍ» አሉት።

ስለሺ ጻፈ። ወይዘሮ ደሳለች ወልዴ የተባሉት አመልካች ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ በሰፈራችን የሚታወቁ ስለመሆናቸው፣ ቋሚ መጠለያ የሌላቸው ስለመሆኑ። እጁ ለዚህ ዓይነት ዐረፍተ ነገር የሠለጠነ ነውና ሳይታገል ወረደለት። ቅጹን ገልብጦ የምስክሮች ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩ ቆመ።

«ምነው?» አሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት።

«አንዲት መስመር አለች። ምስክሮች መፈረም ያለባቸው።» አነበበላቸው። «'እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጠቀሰው ምስክሮች ከአመልካቿ ጋር ምንም ዓይነት የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዝምድና የሌለን መሆኑን እናረጋግጣለን።' ለዘመድ እንዳይዳላ ነው።»

ጋሽ ኃይለ መለኮት ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ይህንኑ ነገር እየጮኹ የተናገሩት እሳቸው ነበሩ። አሁን ሦስት ጊዜ አነበቡት።

«ይቺን መዝለል አይቻልም?»

«ካልተሞላች አይቀበሉም። ሰኞ ደግሞ ነገ ነው።»

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ ደሳለች። ዓይናቸው እንኳን ጽሑፍ ሰውም በቅጡ አያይም።

ስለሺ እንደገና ጮክ ብሎ ማንበብ ነበረበት። ለእሳቸው። ከዚያ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብዙ ነገር አንብቧል፣ የሟች ታሪክ በቀብር ላይ አንብቧል፤ እንደዚህ ምላሱ የከበደው ቀን የለም።

«ልክ ነው» አሉ ወይዘሮ ደሳለች፣ ሲጨርስ። «እውነት ነው እኮ። ፈርሙ።»

ፈረሙ። መጀመሪያ ግዛቸው፣ ቀጥሎ ስለሺ፣ በመጨረሻ ጋሽ ኃይለ መለኮት። ማኅተሟ ከኪስ ወጣች፣ እስትንፋስ ተነፈሰባትና ወረቀቱ ላይ አረፈች። ወይዘሮ ደሳለች እንደ ድሮው በየተራ ጉንጭ ለጉንጭ ሊስሟቸው ብድግ ካሉ በኋላ አንድ ነገር ያሰቡ ይመስል ቆመው፣ እጅ ነሥተው ወጡ።

ደብዳቤው ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ወረዳ ገባ። ረቡዕ ክፍል ቁጥር ዘጠኝ ተሰጣቸው። በር አለው፣ ቁልፍ አለው፣ አልጋ አለው። ስለሺ ከሩቅ ሆኖ ሲረከቡ አይቶ ደስ አለው። ሥራው የተቃና መስሎት ያን ሳምንት በሙሉ በሰላም አደረ።

በሐምሌ መጀመሪያ ጡረተኛው ሾፌር ጋሽ ተስፋሁን ሞቱ። ጥሩምባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሰዉ መጣ። እዝኑ ሞልቶ ተርፏል፤ ለቅሶው ግን አልነሣ አለ። አንዱ ይጀምርና ተከታይ ሲያጣ አፍንጫውን ተናፍጦ ይቀመጣል። የሟች ልጆች እንኳ ስልካቸውን እያዩ ነበር። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም የሟች እህት ወደ ስለሺ ጠጋ ብለው «ያቺ የእነሱ ወገን የሆነችው ሴትዮ ምነው ቀረች?» አሉት። ጥቂት ቆይቶ የሟች ሚስት ወንድም መጣና ያንኑ ጠየቀው።

ጋሽ ኃይለ መለኮትም በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ሲያዩ ነበር። «ጥሩምባው ታች ድረስ አይሰማም እንዴ?» አሉ።

«ይሰማል።»

«ታዲያ ለምን አልመጡም? አመማቸው?»

«ምን ብለው ይምጡ ጋሼ? ዘመድ አይደሉም ብለን ጽፈናል። በማኅተም።»

ጋሽ ኃይለ መለኮት እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደዱ። ማኅተሟ እዚያው አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ግን መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ስለሺንና ግዛቸውን ጠብቀዋል። «ቁጥር ሰባትን አውጡ» አሉ። ግዛቸው «ማን ሞቶ?» እያለ አወጣው። አይዳ ድፎ ዳቦ በሶፍራ ተሸክማ ደረሰች። አራት ዓመት የዘገየ የምራት ወግ ነውና ብቻዋን ጋግራ፣ ብቻዋን ተሸክማ፣ ማንም እንዲያግዛት አልፈቀደችም።

ቁልቁለቱን ወረዱ። ስለሺና ግዛቸው አግዳሚውን ከፊትና ከኋላ ይዘውታል፣ ጋሽ ኃይለ መለኮት ይመራሉ፣ አይዳ ትከተላለች። የእድር ሊቀመንበርና የእድር ወንበር አብረው ሲታዩ ደግሞ አዲሱ ገበያ የራሱን መደምደሚያ ይደርሳል። ወንዶች ኮፍያቸውን አወለቁ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ ሚዛኗን አስቀምጣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። የታክሲ ረዳት ሳይቀር ጩኸቱን አቋርጦ ስለሺን «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» አለው። ስለሺ «ገና ነው» አለ።

ክፍል ቁጥር ዘጠኝ ሲደርሱ ጋሽ ኃይለ መለኮት አንኳኩ። ወይዘሮ ደሳለች ከፈቱ። ነጠላቸው ቀና ብሎ፣ ጥለቱ ከታች፣ እንደ ማንኛውም ቤቷ እንዳለች ሴት ለብሰውት ነበር። ስለሺ እንዲህ ሆነው ሲያያቸው የመጀመሪያው ነው። እሳቸው መጀመሪያ ጋሽ ኃይለ መለኮትን አዩ፣ ቀጥለው ወንበሩን አዩ፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንሥተው አዘቀዘቁት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት።

«እንግዲያስ ወንበሩ?»

«መቀመጫ እንዳይቸግርዎት ብለን ነው። ልንጠይቅዎት ነው የመጣነው።»

ወይዘሮ ደሳለች በሩን እንደያዙ ቀሩ። ሰው ሳይሞት ሰው ሲመጣ የሚባለውን ፈለጉት፤ ድሮ ያውቁት ነበር፣ ሊመጣላቸው ግን አልቻለም። የመጣላቸውን ተናገሩ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አሉ።

«አሜን» አሉ ጋሽ ኃይለ መለኮት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ።

አግዳሚው ክፍሏን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላት። ጋሽ ኃይለ መለኮት በአንደኛው ጫፍ ተቀመጡ። ወይዘሮ ደሳለች ቆመው ቆመው፣ በዚያኛው ጫፍ ተቀመጡ። አይዳ ዳቦውን መሐላቸው አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ «ምራትዎ ነኝ» አለች፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ። ያኔ ወይዘሮ ደሳለች አለቀሱ። ስለሺ የእሳቸውን ለቅሶ አሳምሮ ያውቀዋል፣ አጀማመሩንም አወራረዱንም፣ ሰፈሩ ሁሉ ያለቀሰው ተከትሎት ነው። ይሄኛውን አያውቀውም። ድምፅ አልነበረውም፤ የተከተላቸውም ሰው የለም። እስኪጨርሱ ጠበቋቸው።

ሊወጡ ሲሉ ግዛቸው እንደ ልማዱ የወንበሩን ጫፍ ያዘ። ጋሽ ኃይለ መለኮት ዞር ብለው ሲያዩት ለቀቀው።

ስለሺ ከጋሽ ኃይለ መለኮት ጋር መጋዘኑ ሲመለስ የዕቃ መዝገቡን ከፈተ። ሳይመዘገብ የወጣ ዕቃ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የለም፣ ዛሬም አይኖርም። ዕቃው፣ አግዳሚ ወንበር ቁጥር ሰባት። የወጣበት ቀን፣ ሐምሌ አሥራ ሁለት። የሟች ስም በሚለው ሥር «የለም» ብሎ ጻፈ። የተረከበው ወገን በሚለው ላይ ጥቂት ከቆየ በኋላ «የእኛ» ብሎ ሞላና መዝገቡን ወደ ጋሽ ኃይለ መለኮት አዞረው። እሳቸውም አነበቡት፤ ማኅተሟን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ተንፍሰውባት፣ አተሙበት።